ልጄ በቢላ ምክንያት ተቀጣ፤ የክፍል ጓደኛው ግን ኪርፓን ይታጠቃል

ጥያቄ፦

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በእንግሊዝ አገር ነው። የ14 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ እየጠበቁ የሚያስፈራሩት ትልልቅ ልጆች ስለነበሩ ሳይነግረኝ ከወጥ ቤት ቢላ ወስዶ በቦርሳው ይዞ ሄደ። መምህሩ አገኘበት፤ ለ5 ቀን ከትምህርት ታገደ፤ ፖሊስም አነጋገረው። ጥፋቱን አልክድም። ነገር ግን እዚያው ክፍል የሚማር የሲክ እምነት ተከታይ የሆነ ልጅ አለ፤ ለስፖርት ልብስ ሲቀይሩ ከሸሚዙ ሥር በማንገቻ የታሰረ፣ ሲኮች በእምነታቸው የሚታጠቁትን ኪርፓን የሚባል ትንሽ ጩቤ ልጄ አይቷል። ትምህርት ቤቱም ያውቃል፤ ፈቅዶለታልም። ልጄ “እኔ ፈርቼ ስይዝ ጥፋተኛ ነኝ፣ እሱ ለሃይማኖቱ ሲይዝ ግን ምንም የለበትም፤ ይህ ፍትሕ ነው?” ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ሕግ ለሁሉም እኩል መሆን የለበትም? ለሃይማኖት የተደረገው ልዩነት በትምህርት ቤቱ እንዲቀር ለቦርዱ ደብዳቤ ልጽፍ አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት እናት

መልስ፦

የተከበሩ እናት፣

ልጅዎ ቢላ ይዞ እንዲወጣ ያደረገው ፍርሃት በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ታልፏል፤ የሌላው ልጅ ኪርፓን ግን ቀሪውን ደብዳቤ ከሞላ ጎደል ይዞታል። ይህን የምለው ልወቅስዎ ፈልጌ አይደለም፤ ቅጣት ገና ትኩስ ሳለ የሰው ዐይን የሚያርፈው አጠገቡ ባለውና ባልተቀጣው ሰው ላይ ነው፤ ልጅዎም የሆነበት ይኸው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልንገርዎ። ስለት መያዝን የሚከለክል ሕግ ለሃይማኖት የሚተወው ልዩ ፈቃድ መቅረት የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ ጠባብ ሆኖ፣ በግልጽ ቅድመ ሁኔታዎች ታጥሮ ሊቀጥል ይገባል። ለቦርዱ መጻፍዎን ደግሞ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የደብዳቤው ጉዳይ ሌላ እንዲሆን እለምንዎታለሁ።

በሚኖሩበት አገር እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የወንጀል ፍትሕ አዋጅ በ139ኛው አንቀጹ ማንም ሰው ስለት ወይም ሹል ጫፍ ያለው ዕቃ በሕዝብ መገኛ ቦታ ይዞ እንዳይገኝ ይከለክላል፤ በኋላ የተጨመረ ድንጋጌም ክልከላውን ወደ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ አስፍቶታል። ከክልከላው ውጪ የተተወው የስለቱ ርዝመት ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ተጣጣፊ ሰንጢ ነው። አዋጁ ግን እዚያው ላይ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ምክንያቱን አስረድቶ ከጥፋተኝነት ነጻ ሊሆን እንደሚችል ይገልጽና፣ ለሥራ መያዝን፣ በሃይማኖት ምክንያት መያዝንና የብሔራዊ ልብስ አካል አድርጎ መያዝን ለይቶ ይጠቅሳል። ምንጣፍ አንጣፊው ስለታም መቁረጫውን ይዞ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ስኮትላንዳዊውም በባህል ልብሱ ረጅም ካልሲ ውስጥ ትንሿን ጩቤ ሻጥ አድርጎ ሠርግ ሲታደም፣ “ሕግ ለሁሉም እኩል ይሁን” ብሎ የሚሟገት ሰው እምብዛም አይሰማም። ይህ ሙግት ጎልቶ የሚሰማው ሃይማኖት ላይ ሲደረስ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሦስቱ ምክንያቶች የሰውን ሕሊና በቀጥታ የሚነካው ሃይማኖት ሆኖ ሳለ እሱ ብቻ ተነጥሎ እንዲወጣ መጠየቁ ሚዛናዊ ሆኖ አይታየኝም።

ፈቃዱም ብዙ ሰው እንደሚገምተው ልቅ አይደለም። ኪርፓን የታጠቀ ሰው ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ፣ የያዘው በሃይማኖቱ ምክንያት መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በራሱ ላይ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ “ሃይማኖት የለህም” ብሎ እንዲያረጋግጥበት አይጠበቅም። አዋጁ የሲክን እምነት በስም ስለማይጠራ ማንኛውም ሰው በሃይማኖቴ ነው ሊል ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት በእምነቱ ውስጥ መኖሩን፣ እሱም በእርግጥ የሚኖርበት መሆኑን ማሳየት ካልቻለ ቃሉ ብቻውን አያድነውም። ከዚህ በላይ ደግሞ ፈቃዱ የሚሸፍነው መያዝን ብቻ ነው። ኪርፓኑን መዝዞ ሰው ያስፈራራ እንደሆነ በስለት ማስፈራራት ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ሃይማኖቱ አንዳች መከላከያ አይሆነውም።

አሁን ወደ ልጅዎ ጥያቄ ልምጣ፤ “ፈርቼ ነው የያዝኩት” ማለቱ ለምን አልተቆጠረለትም? እንደ እናት መስማቱ ቢከብድዎም፣ ሕጉ እንዲህ ያለውን ፍርሃት በቂ ምክንያት አድርጎ አለመቀበሉ ትክክል ነው። መንገድ ላይ የሚጠብቁት ልጆችም ስለት ይዘው ቢገኙ “እኛም ፈርተን ነው” ማለታቸው አይቀርም፤ ምናልባትም እውነታቸውን ይሆናል። አንዱ ልጅ ፈርቶ ቢላ ሲይዝ ሌላው ይህን ይሰማና ይፈራል፤ እሱም ይይዛል፤ በሳምንታት ውስጥ አንድ ሙሉ ሰፈር ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው ስለት ታጥቆ ሊገኝ ይችላል። ልጅዎ ያንን ቢላ ቦርሳው ውስጥ ሲያስገባ በሐሳቡ የነበረው አንድ ቀን በሰው ፊት ሊያወጣው እንደሚችል ነው፤ ለመውጋት ባይሆን እንኳ ለማስፈራራት። የ14 ዓመት ልጅ በጭንቅ ሰዓት ያወጣውን ቢላ ሊቆጣጠረው አይችልም፤ ከእጁ ተነጥቆ በራሱ ላይ ሊውል ይችል እንደነበር ሳስብ መምህሩ ስላገኘበት ከልቤ አመሰግናለሁ።

የክፍል ጓደኛው የታጠቀው ኪርፓን ከዚህ በምን እንደሚለይ በሐቀኝነት መናገር ይገባል፤ ጌጥ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ እውነቱን ማድበስበስ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1699 የሲኮች መንፈሳዊ መሪ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በሕንድ ፑንጃብ ምድር አናንድፑር በተባለች ከተማ ካልሳ የሚባለውን የምእመናን ማኅበር ሲመሠርት፣ ወደ ማኅበሩ በሥርዓት የገባ ሰው አምስት ነገሮችን ከገላው እንዳይለይ ታዘዘ፤ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ ትንሽ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ለየት ያለ አጭር የውስጥ ሱሪና ኪርፓን። ዘመኑ ሲኮች ሕንድን ይገዙ በነበሩት በሙጋል ነገሥታት የሚሳደዱበት ነበርና፣ ኪርፓኑ ደካማን የመጠበቅና በግፍ ፊት ያለመንበርከክ ግዴታ ምልክት ሆኖ ተሰጣቸው። ዛሬም ሲክ ሁሉ አይታጠቀውም፤ የሚታጠቀው በሥርዓቱ ያለፈው ነው፤ እሱ ግን ሲተኛም ሲነሣም ከሰውነቱ አያርቀውም።

የፈቃዱ ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ የሚያነሡት ነጥብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። “እምነቱ ራሱ ኪርፓኑን ከመከላከል ጋር ካያያዘው፣ ለመከላከል ብሎ ቢላ ከያዘው ልጅ በምን ይለያል?” ይላሉ። ልዩነቱ እንደሚመስለኝ ያለው በመያዙ ዙሪያ ባለው ሥርዓት ላይ ነው። ኪርፓን የታጠቀው ልጅ መታጠቁን ቤተሰቡ፣ ማኅበረሰቡና ትምህርት ቤቱ ያውቃሉ፤ በቁጣ ወይም በጸብ መምዘዝ በእምነቱ ዘንድ ትልቅ ነውር እንደሆነ ከልጅነቱ ተነግሮት ያድጋል፤ ጠብ ኖረም አልኖረም፣ ፈራም አልፈራም፣ ከገላው አይለየውም። ልጅዎ የያዘውን ቢላ ግን ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ እርስዎም ጭምር። ሕግ አውጪዎች የሚፈሩት ከወላጅም ከመምህርም ተደብቆ፣ ለአንድ የተወሰነ ጠበኛ ታስቦ የሚያዘውን ስለት ነው።

“ሕግ ለሁሉም እኩል ይሁን” የሚለው አባባልዎ ከልብ የመጣ ስለሆነ በአክብሮት ልመልስበት። ስለት መያዝን የሚከለክለው ሕግ እኔን ከምንም አያጎድለኝም፤ ነገ ጠዋት ያለ ቢላ ከቤቴ ስወጣ ከእምነቴም ከሥራዬም የሚቀርብኝ ነገር የለም። በሥርዓቱ ያለፈውን ሲክ ግን ያው ሕግ ያለ ምንም ልዩ ፈቃድ ቢደርስበት ከትምህርት ቤት በርና ከእምነቱ አንዱን ምረጥ ይለዋል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሸክሙ ለአንዱ ላባ ለሌላው ድንጋይ ሲሆን፣ እኩልነቱ ወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ነው። መንግሥት ያንን ሸክም ለመጫን በቂ ምክንያት ካለው ይጫን፤ ነገር ግን አደጋውን በቀለለ መንገድ መከላከል የሚቻል ከሆነ መጀመሪያ ያንን መሞከር አለበት። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ18ኛው አንቀጹ እምነትን በተግባር መግለጥ ሊገደብ የሚችለው የሕዝብን ደኅንነትና ሥርዓት፣ የሌሎችንም መሠረታዊ መብት ለመጠበቅ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው የሚለው ይህንኑ ነው።

የቀለለው መንገድ ምን እንደሚመስል ካናዳ ውስጥ በአንድ ልጅ ጉዳይ በዝርዝር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 በኩቤክ የ12 ዓመት ተማሪ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሳለ ከልብሱ ሥር የታጠቀው ኪርፓን ሳያስበው መሬት ላይ ወደቀበት። ክርክሩ ከዚያች ቅጽበት ተነሥቶ ዓመታት ፈጀ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ልጁ ኪርፓኑን እንዲታጠቅ የፈቀደው በዝርዝር ትእዛዝ ነበር፤ ከልብሱ ሥር እንዲሆን፤ አፎቱ ከብረት ሳይሆን ከእንጨት እንዲሆን፤ ኪርፓኑ ከነአፎቱ በጠንካራ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንዲሰፋ፤ ያ ጨርቅም በተራው ከማንገቻው ጋር እንዲሰፋ፤ የትምህርት ቤቱ ሠራተኞችም ይህ መጠበቁን በአግባቡ ማረጋገጥ እንዲችሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረው፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ለልጁ ፈረደለት። ፍርድ ቤቱ በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከኪርፓን ጋር የተያያዘ የጥቃት ድርጊት እንዳልቀረበለት ጠቅሶ፣ መቀስና የቤዝቦል ዱላ ለተማሪዎች በቀላሉ የሚደረስባቸው ሆነው ሳለ ፈጽሞ አደጋ የሌለበት ግቢ ይኑር ማለት እንደማይቻል፣ ከትምህርት ቤት የሚጠበቀውም ምክንያታዊ የሆነ ደኅንነት እንደሆነ ገልጿል። በጨርቅ ውስጥ የተሰፋን ስለት ለማውጣት የሚፈልግ ልጅ መጀመሪያ ልብሱን መግለጥ፣ ከዚያም ስፌቱን መተርተር ይኖርበታል። በጠብ መካከል ያለ ልጅ ይህን ሁሉ እስኪያደርግ ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው መቀስ ይቀርበዋል።

ይህን ስል ነገሩ ሁልጊዜ በሰላም ያልፋል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 በአውስትራሊያ ሲድኒ በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ በኪርፓን ተወጋ ተብሎ ትልቅ ድንጋጤ ተፈጠረ፤ የግዛቲቱም መንግሥት በትምህርት ቤቶቹ ኪርፓንን ወዲያው ከለከለ። የተጎዳው ልጅ እናት ብሆን ኖሮ እኔም ያንን ክልከላ እጠይቅ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር መንግሥቱ ከሲክ ማኅበረሰብ ጋር ተነጋግሮ፣ መጠኑ ያነሰ፣ ስለትና ሹል ጫፍ የሌለው፣ በአፎቱ ሆኖ ከልብስ ሥር የሚታጠቅ ኪርፓን ፈቀደ። ይህ መልስ ከሁለቱም ጫፍ የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ አደጋው የመጣው ከስለቱ ስለነበር ማስተካከያውም ስለቱን ነካ፤ ልጆቹም ከትምህርት ገበታቸው አልቀሩም። በሌላዋ የአውስትራሊያ ግዛት በኩዊንስላንድ ኪርፓንን በትምህርት ቤት የሚከለክለውን ድንጋጌ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ከፌዴራሉ የዘር መድልዎ ሕግ ጋር ይቃረናል ብሎ ውድቅ አድርጎታል።

በተቃራኒው የጣሊያን የሰበር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 18.5 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ኪርፓን ይዞ በተገኘ አንድ ሲክ ላይ የተጣለውን የ2,000 ዩሮ ቅጣት አጽንቷል። ስለ ርዝመቱ ብቻ ቢሆን ብዙ አልከራከርም፤ ያን ያህል ትልቅ ስለት ገበያ መካከል ይዞ መዞር ሊገደብ ይችላል። ያሳሰበኝ የውሳኔው ምክንያት ነው። ፍርድ ቤቱ ስደተኛ የራሱን እሴቶች ሊኖርበት ከመረጠው የምዕራቡ ማኅበረሰብ እሴቶች ጋር የማስማማት ግዴታ አለበት ብሏል። እርስዎም በሰው አገር ልጅ የሚያሳድጉ እናት ነዎት። ለቦርዱ “ይህ ለሃይማኖት የተተወ ልዩነት ይቅር” ብለው ሲጽፉ የሚደግፍዎ ሰው ሊያገኙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ያው ሰው ነገ ልጅዎ የሚጾምበትን ቀን፣ አንገቱ ላይ የሚያስረውን ወይም ራሱ ላይ የሚጠመጥመውን ነገር በዚያው ሚዛን ቢመዝንበት ምን ብለው እንደሚመልሱለት አስቀድመው ያስቡበት።

ፈቃዱ ገደብ የሚኖርበት ቦታም አለ። የእስር ቤትና የአውሮፕላን ጉዳይ ከመንገድና ከመማሪያ ክፍል ይለያል። ኪርፓን መታጠቅ የሲክ እምነት አካል መሆኑን በሕገ መንግሥቷ 25ኛ አንቀጽ ያሰፈረችው ሕንድ እንኳ በአገር ውስጥ በረራዎቿ የምትፈቅደው የስለቱ ርዝመት ከ6 ኢንች፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ9 ኢንች ያልበለጠውን ነው፤ ካናዳም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ስለቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠውን በአብዛኞቹ በረራዎች ፈቅዳለች። መብትን አክብሮ መጠኑን መወሰን ይቻላል ማለት ነው።

እንግዲህ ለልጅዎ ምን ይበሉት? በመጀመሪያ ስለ ክፍል ጓደኛው ከመናገርዎ በፊት ስለ ፍርሃቱ ይጠይቁት፤ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚጠብቁት፣ ምን እንዳሉት፣ ለምን ለእርስዎ መንገር እንደከበደው። ቢላውን መያዙ ስሕተት እንደነበር ሳያለዝቡ ይንገሩት፤ መፍራቱ ግን ጥፋት እንዳልሆነ አብረው ይንገሩት። ስለ ጓደኛው ሲጠይቅዎ “እሱ የተፈቀደለት በእምነቱ የታዘዘውን፣ ትምህርት ቤቱ በሚያውቀው መንገድ፣ ሳይመዝዝ እንዲታጠቅ ነው፤ አንተ የያዝከው ግን ሰው ላይ ለማውጣት ነበር” ቢሉት፣ ባይወደውም ይገባዋል። ልጁን “እስቲ አውጣና አሳየኝ” እንዳይለው ደግሞ አጥብቀው ይምከሩት፤ በቀልድም ቢሆን ቢያወጣው ጓደኛው ፈቃዱን ሊያጣ፣ ከዚያም የከፋ ሊደርስበት ይችላል። በክፍሉ ውስጥ “እሱም ጩቤ አለው” እየተባለ የሚወራ ከሆነ፣ የወሬው ምንጭ ልጅዎ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ በእምነቱ ምክንያት ተለይቶ የሚታይ ልጅ መንገድ ላይ ለሚያስፈራሩ ልጆች ቀላል ዒላማ ነው፤ ይህን ከልጅዎ በላይ የሚረዳው አይኖርም።

ለቦርዱ የሚጽፉት ደብዳቤ በልጅዎ ላይ ስለደረሰው ማስፈራራት ይሁን። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል ልጅዎ በሚያስታውሰው መጠን ይጻፉ፤ አንዱን ቅጂ ለርእሰ መምህሩ፣ አንዱን ደግሞ በእያንዳንዱ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት መኖር ላለበት የልጆች ደኅንነት ጥበቃ ኃላፊ ይስጡ። ልጁ ከግቢ ሲወጣ ማን እንደሚያየው፣ አስፈራሪዎቹ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከሆኑ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ እንዲመልሱልዎ ይጠይቁ። እገዳው ከ5 ቀን የማይበልጥ ስለሆነ ቦርዱ ሊሽረው አይችልም፤ እርስዎ በጽሑፍ ያቀረቡትን ሐሳብ ግን የማየት ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ ልጁ ቢላውን የያዘበት ምክንያት በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ። የኪርፓኑ ነገር አሁንም የሚያሳስብዎ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ስለ ኪርፓን ያወጣውን መመሪያ ማየት እንደሚፈልጉ፣ የስለቱ መጠን፣ አፎቱና በስፖርት ሰዓት የሚደረገው ጥንቃቄ እንዴት እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ፤ ይህ የማንኛውም ወላጅ ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም። የልጁን ስም ግን አይጥቀሱ።

ፖሊስ እንደገና ሊያነጋግረው ከፈለገ ብቻውን እንዳይቀርብ፤ ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ በምርመራ ጊዜ አዋቂ አብሮት መገኘት አለበት፤ በፖሊስ ጣቢያ ለሚደረግ ምርመራም ያለ ክፍያ የሕግ ምክር የማግኘት መብት አለው። ማስጠንቀቂያ ወይም ሌላ ስምምነት እንዲፈርም ቢጠየቅ፣ በመዝገቡ ላይ ምን እንደሚተው ጠበቃ ሳያማክሩ እሺ አይበሉ። ትምህርት ቤቱ ልጁ ሲመለስ እርስዎንና እሱን አስቀምጦ የሚያነጋግርበት ስብሰባ ካልጠራ ደግሞ እርስዎ ቀድመው ይጠይቁ፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ መንገዱና ስለ ልጆቹ ልጅዎ ራሱ እንዲናገር ጊዜ ይሰጠው።